አውራ ጎዳናና የከተማ ዳርቻ፤ መንገድ ከተማን ሲወልድ አሳዳጊው ማን ይሁን?

ነጋዴ ርቀትን የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ዕቃው ከመጋዘን ተነሥቶ ከገዢው እጅ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀውን ሰዓት፣ የሚጠይቀውን ነዳጅ፣ የሾፌሩንና የረዳቱን ደመወዝ፣ በመንገድ የሚሰበረውንና የሚበላሸውን ጭምር አስልቶ ነው ሩቁን ሩቅ፣ ቅርቡን ቅርብ የሚለው። በዚህ ሚዛን ሲታይ በጭቃና በጉድጓድ የሚደረስበት አሥር ኪሎ ሜትር፣ በደኅና አስፋልት ከሚደረስበት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይልቅ ሩቅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ አውራ ጎዳና በተከፈተ ቁጥር በካርታ ላይ ያለው ከተማ ባለበት ቢቆይም፣ በነጋዴው መዝገብ ላይ ያለው ከተማ ግን ቦታውን ይለውጣል። ትናንት ከከተማ ውጭ የነበረው እርሻ ዛሬ የከተማ ደጃፍ ይሆናል።

መንገድ ሲመረቅ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ስፋቱና ስለ ወጣበት ገንዘብ ብዙ ይነገራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚበቅለው ከተማ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የንግዱ ሰው ዕድል የሚወሰነው ይልቁንም በዚህ ባልተነገረው ነገር ነው። አውራ ጎዳና መኪና የሚያሳልፍ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን ከተማን የሚተክል ኀይል ነው፤ ከተማው የት እንደሚተከል የሚወስነውም አስፋልቱ ራሱ ሳይሆን የመንገዱ በር ነው። በሩ የት እንዲከፈት፣ ከበሩም ምን እንዲከተል አስቀድሞ ያልታሰበበት እንደ ሆነ፣ የመንገዱ ትርፍ ለጥቂቶች፣ ኪሣራው ለብዙዎች ይደርሳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በበቅሎና በአህያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን አስጭኖ ከጅማ ወይም ከጎጃም ሲነሣ፣ መንገዱን የሚቈጥረው ከአንዱ ማደሪያ እስከ ሌላው ማደሪያ ነበር። አመሻሹ ላይ ጭነት የሚወርድበት፣ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት፣ ቀረጥም የሚከፈልበት ኬላ ነበረ። ነጋዴው በኬላው ለመቆም የሚገደድ ስለ ሆነ፣ እንጀራና ጠላ የምትሸጠው፣ ገለባ የሚያቀርበው፣ ኮርቻ የሚጠግነው ሁሉ ከዚያው አጠገብ ጎጆውን ቀለሰ። እንዲህ እያለ ኬላው ገበያን፣ ገበያውም መንደርን ወለደ። በሁለት ኬላዎች መካከል ያለው ሜዳ ግን ሲራራው ዘወትር ቢረግጠውም ሜዳ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ መንገደኛ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አይለማም፤ የሚለማው የሚቆምበት ቦታ ነው።

በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ይኸው ሕግ በሐዲድ ላይ ተደገመ። ባቡር እንደ ልብ አይቆምም፤ የሚቆመው በጣቢያው ነው። ስለዚህ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ እያንዳንዳቸው ወደ ጣቢያቸው ተሰበሰቡ። እህል የሚገዛው፣ ጨው የሚያራግፈው፣ ቡና ቤት የሚከፍተው ሁሉ ፊቱን ወደ ጣቢያው አዞረ።

መኪና ግን ሌላ ጠባይ ይዞ መጣ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የሚውል 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትን ካቋቋመ ወዲህ፣ ከዋናው ከተማ ወደየአቅጣጫው የሚወጡት መንገዶች እየተጠገኑና እየሰፉ ሄዱ። መኪና እንደ ባቡር ጣቢያን አይጠብቅም፤ ሾፌሩ ከፈለገበት ይቆማል፣ ከፈለገበትም ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ከተማው በአንድ ቦታ መሰብሰቡን ትቶ በመንገዱ ዳርና ዳር እንደ መቁጠሪያ ተሰካ። ከቃሊቲ ተነሥቶ በአቃቂ፣ በገላን፣ በዱከም አድርጎ እስከ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው፣ የአንዱን ከተማ ማብቂያና የሌላውን መጀመሪያ ለመለየት ያዳግተዋል። በሌላውም አቅጣጫ እንዲሁ ነው። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ልጅ ነው፤ ቡራዩ የአምቦ መንገድ፣ ሰበታ የጅማ መንገድ፣ ለገጣፎም የደሴ መንገድ ልጆች ናቸው። የአባታቸውን መልክ በመያዛቸውም ርዝመታቸው ብዙ፣ ጥልቀታቸው ጥቂት ነው። ከፊት ለፊቱ የሱቅ ረድፍ ጀርባ ገባ ሲሉ መግቢያው ጠባብ፣ የጎርፍ መውረጃው የጠፋበት፣ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳበት ሠፈር ማግኘት የተለመደ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ነገሩን ወደ ጥንቱ መለሰው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ይህ መንገድ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት የመኪና መሥመሮች አሉት። ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ መግባትም ሆነ መውጣት የሚቻለው ክፍያ በሚፈጸምባቸው በሮች ብቻ ነው። እንግዲህ አሠራሩ አዲስ፣ ሕጉ ግን የሲራራው ዘመን ሕግ ነው። ኬላው ተመልሶ መጥቷል። አጥሩ ሥር ያለ የእርሻ መሬት ከመንገዱ አንድ መቶ ሜትር ቢርቅም፣ ከበሩ አሥር ኪሎ ሜትር የራቀ እንደ ሆነ ከመንገዱ የሚያገኘው የመኪና ድምፅና የአስፋልት ጎርፍ ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው መሬት ግን በአንድ ጊዜ የወደብ ጎረቤት ይሆናል።

ይህ ለነጋዴው ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ ለመረዳት ይቻላል። በመርካቶ መጋዘን ያለው አንድ የጅምላ ነጋዴ ይታሰብ። ዕቃው ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆም ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ከሞጆ ቃሊቲ ድረስ ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ከቃሊቲ መርካቶ የሚወስደው ግን አንዳንድ ቀን ከዚያ ይበልጣል። በዚህም ላይ ከባድ የጭነት መኪና ቀን በከተማው ውስጥ እንዳይዘዋወር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ገደብ ስለ ተደረገበት፣ ማራገፉ በሌሊት ይሆናል፤ ለሌሊት ሥራ ደግሞ የጫኝና የአውራጅ ዋጋ ይጨምራል፤ ጥበቃውም እንዲሁ። ነጋዴው ሒሳቡን ደምሮ ቀንሶ መጋዘኑን ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ገላን ወይም ወደ ዱከም ቢያወጣ ማንም አይፈርድበትም። እርሱ ሲወጣ ግን ብቻውን አይወጣም። አውራጁ፣ ሚዛን ጠባቂው፣ መካኒኩ፣ ምሳ አቅራቢዋ፣ የባንኩ ቅርንጫፍ፣ የመድን ወኪሉ ይከተሉታል። እነርሱንም ቤት የሚሠራው፣ ልጆቻቸውንም የሚያስተምረው ይከተላል። የከተማ ዳርቻ የሚወለደው በዚህ አኳኋን ነው፤ አንድ ሰው አዝዞት ሳይሆን ብዙ ሰው አስልቶት።

ፋብሪካም የሚከተለው ይህንኑ ስሌት ነው። በዱከም የተቋቋመው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ በ2004 ዓ.ም. በዚያ ሥራ የጀመረው የሁዋጂየን የጫማ ፋብሪካም ቦታቸውን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በመሐል ከተማ የማይገኝ ሰፊ መሬት፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው ከተማ የሚመላለስ ባለሙያ፣ ሦስቱም በአንድነት የተገኙበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ ወገን መዘርጋቱ ስበቱን አጠነከረው። አንድ ከተማ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲህ ከተሳበ በኋላ መልሶ ለመግታት እጅግ ያስቸግራል፤ መንገድ ፋብሪካን ይጠራል፣ ፋብሪካም ሌላ መንገድ ይጠይቃልና።

እስከዚህ ድረስ ያለው ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ የመንገዱ መዝገብ ገቢ ብቻ ሳይሆን ወጪም አለው፤ ወጪው የተጻፈበትን ገጽ ሳይመለከቱ መዝጋትም የሒሳብ ሰው ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ የሚጎዳው በአሮጌው መንገድ ዳር የተቀመጠው ትንሹ ነጋዴ ነው። ሥጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ የጎማ ጥገናው፣ አልጋ ቤቱ፣ በሽክና ወተት የምታቀርበው ባለቤት ሁሉ ኑሯቸውን የመሠረቱት በሚያልፈው መንገደኛ ላይ ነው። ትናንት ቢሾፍቱ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ይቆም የነበረው መንገደኛ ዛሬ በአጥር ውስጥ ሆኖ ያለማቋረጥ ያልፋል። ቸርቻሪው ሱቁን አልዘጋም፣ ዋጋም አልጨመረም፣ ከደንበኛ ጋርም አልተጣላም፤ ሳያጠፋ ደንበኛው ከደጁ ተወሰደበት። መንገድ ሲሠራ ለፈረሰ ቤት ካሣ ይከፈላል፤ ላልፈረሰ ቤት፣ ገበያው ብቻ ለፈረሰበት ሰው ግን የሚከፍል የለም።

በዚህ ነገር የአሜሪካዋ የዲትሮይት ከተማ ታሪክ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት፣ በአውቶሞቢል ሥራዋ በዓለም የታወቀች ከተማ ነበረች። በመሐል ከተማዋ የነበረው የሃድሰን መደብርም ከአገሪቱ ታላላቅ መደብሮች አንዱ ነበር። ይህ ድርጅት ደንበኞቹ በአዳዲሶቹ መንገዶች ወደ ዳርቻ መውጣታቸውን አስተውሎ፣ በ1954 ቪክቶር ግሩን የተባለው አርክቴክት ያቀደውን ኖርዝላንድ የተባለ የገበያ ማዕከል ከከተማው ውጭ ሳውዝፊልድ ላይ ከፈተ። የመኪና ማቆሚያው ሰፊ፣ ሱቁ ብዙ፣ ዕቃው ሁሉ በአንድ ቦታ የሚገኝ ስለ ሆነ ገዢው ጎረፈለት። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙበት ሕግ ደግሞ 41,000 ማይል አውራ ጎዳና እንዲሠራ፣ ከወጪውም 90 በመቶ የሚሆነውን ማዕከላዊው መንግሥት እንዲከፍል አደረገ። መንገዱ በየከተማው መሐል እየሰነጠቀ ወደ ዳርቻው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ሃድሰን ራሱ የመሐል ከተማውን ታላቅ መደብር በ1983 ዘጋ። ኖርዝላንድም ቢሆን ለዘለዓለም አልጸናም፤ ከተማው ከእርሱም አልፎ ወደ ሩቁ ዳርቻ ሲወጣ ገዢው አብሮ ወጣና በ2015 በሩ ተዘጋ። በ2020 በተደረገው ቈጠራ የዲትሮይት ሕዝብ 639,111 ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንገድን ተከትሎ የወጣ ነጋዴ ሌላ መንገድ ሌላ ነጋዴን ከእርሱ አሳልፎ እንደሚያወጣ ማሰብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የባሰው ግን የሄስቲንግስ ጎዳና ነገር ነው። ይህ ጎዳና የዲትሮይት ጥቁር አሜሪካውያን የንግድ ማዕከል ነበር፤ ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሙዚቃ ቤቱ ሁሉ የተሰበሰበበት። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የክራይስለር አውራ ጎዳና እንዲያልፍበት ተብሎ ፈረሰ። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ተከራዮች ስለ ነበሩ ያገኙት ካሣ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የሰው መኖሪያ ፈርሶ ሌላ ቤት ይሠራል፤ አርባ ዓመት የተገነባ የደንበኛና የነጋዴ መተማመን ግን አንዴ ከተበተነ በግንበኛ አይሠራም።

እርግጥ ነው፣ ዲትሮይትን ያፈለሳት መንገድ ብቻ አይደለም። የቤት መሥሪያ ብድር በዳርቻ ላሉት ቤቶች ያደላ ነበር፤ ፋብሪካዎችም እየለቀቁ ሄደዋል፤ የዘር መድልዎም ከሁሉ በላይ የከፋ ድርሻ ነበረው። ቢሆንም ናትናኤል ባውም ስኖው የተባለው የኤኮኖሚ ምሁር በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ዋና ከተማ መሐል የሚያልፍ አንድ አዲስ አውራ ጎዳና የዚያን ከተማ ሕዝብ 18 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል። የአሜሪካ ከተሞች በአጠቃላይ ከ1950 እስከ 1990 በዙሪያቸው ካለው ዳርቻ ጋር ሲደመሩ አድገው ሳለ፣ መሐላቸው ግን የሕዝቡን 17 በመቶ አጥቷል። መንገዶቹ ባይሠሩ ኖሮ መሐሉም ጥቂት ያድግ እንደ ነበረ ይኸው ጥናት ይገልጻል።

አዲስ አበባ ዲትሮይትን አይደለችም። በከተማዋ ባለ መኪናው ከሕዝቡ ጥቂቱ ነው፤ መሐል ከተማዋም እየተገነባ እንጂ እየተለቀቀ አይደለም። ስለዚህ በአሜሪካ ባለ መኪናውና ባለ ገንዘቡ ወደ ዳርቻ ሲወጣ፣ በዚህ ወደ ዳርቻ የሚገፋው ብዙውን ጊዜ የመሐሉን ኪራይ መቋቋም ያቃተው ነው። ልዩነቱ ግን ጭንቀቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። መኪና ያለው ዳርቻ ቢኖር ሃያ ኪሎ ሜትር አይርቀውም። መኪና የሌለው ሠራተኛ ግን ሌሊት ተነሥቶ ታክሲ ተሰልፎ ሥራው ቦታ ሲደርስ ደክሞ ይደርሳል፤ ከደመወዙም የማይናቅ ድርሻ ለመጓጓዣ ያወጣል። ለመጓጓዣ የወጣው ብር ደግሞ በሱቅ የማይገዛ ብር ነው። የሠራተኛው ድካምና የቸርቻሪው ገበያ መቀዝቀዝ አንድ ምንጭ እንዳላቸው ነጋዴው ሊዘነጋው አይገባም።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው የገበሬው ነገር ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው መሬቱን አይሸጥም። መሬቱ ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ ሲፈለግ በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የሚከፈለው፣ ካለፉት አምስት ዓመታት የምርት ገቢው አማካይ ተወስዶ አሥር እጥፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። መሻሻሉ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም ሒሳቡ የሚሰላው መሬቱ ትናንት ባበቀለው ጤፍ እንጂ፣ መንገዱ ነገ በሚያበቅለው ሕንጻ አይደለም። ያው መሬት ገበሬው ለቆት ከወጣ በኋላ በሊዝ ጨረታ ሲቀርብ የሚጠራው ዋጋ ከጤፉ ዋጋ ጋር የሚዛመድ አይደለም። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የተፈጠረው በመንገዱ ነው፤ መንገዱም የተሠራው በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ዕዳ ነው። ከዚህ ልዩነት ገበሬው ምንም የማይደርሰው እንደ ሆነ ከተማው በደጁ ሲያድግ ጎረቤት ሳይሆን ባላጋራ ሆኖ ቢመለከተው አያስደንቅም።

ይህም በቃል የቀረ ሥጋት አይደለም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. ተስፋፍቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በዚያው ዓመት በጥር ወር ተሰረዘ። መንገድ ተዘጋ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ዕቃ በየቦታው ቆመ። ንግድ ሰላምን ይፈልጋል፤ ሰላም ደግሞ ፍትሕን ይፈልጋል። ለገበሬው የሚሰጠውን ካሣ እንደ ወጪ ብቻ የሚቈጥር ነጋዴ፣ መጋዘኑ የተሠራበትን መሠረት ሳይከፍልበት የገዛ ይመስለዋል እንጂ ዕዳው በስሙ ተጽፎ ይቆየዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዶች መንገድ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጣ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል ይላሉ። ይህ ሰነፍ ምክር ነው። ወደብ የሌላት አገር ያለ አውራ ጎዳና ንግድም ሆነ ኢንዱስትሪ ሊኖራት አይችልም፤ በመጥፎ መንገድ ላይ የሚባክነውን ነዳጅና ጎማ በመጨረሻ የሚከፍለው ጨውና ዘይት የሚገዛው ድሃ ነው። ሌሎች ደግሞ መንገዱ ይሠራ እንጂ የቀረውን ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል ይላሉ። ይህም ያለ ፈተና የሚታመን ቃል አይደለም። የመንገዱን በር የት እንደሚከፍት የሚወስነው ገበያ ሳይሆን መሐንዲስና ባለሥልጣን ነው። በሩ በእጅ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ ከበሩ የሚከተለውም በእጅ ሊያዝ ይገባል።

ስለዚህ አንደኛው ነገር፣ የመንገድ ዕቅድና የከተማ ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። አንድ የፍጥነት መንገድ መውጫ የሚከፈትበት ቦታ ሲመረጥ፣ ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ የሚያስገባው መጋቢ መንገድ፣ ውሃው፣ መብራቱና የጎርፍ መውረጃው በዚያው ውል ውስጥ መግባት አለበት። መጋቢ መንገድ የሌለው መውጫ ደረጃ የሌለው ፎቅ ነው። አሮጌው መንገድ ዳር ያለው ቸርቻሪም ከአዲሱ በር የሚያገናኘው መንገድ ካገኘ፣ የጠፋበትን ደንበኛ ሁሉ ባይሆን ከፊሉን ለመመለስ ይችላል።

ሁለተኛው፣ መሬቱ ገና በእርሻ ዋጋ ሳለ ለሕዝብ ጥቅም የሚሆነውን ቦታ ማስቀመጥ ነው። ገበያ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ የእህልና የከብት ተራ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ቦታ ካልተለየላቸው፣ ዋጋው ከወጣ በኋላ የሚለይላቸው የለም። የጭነት መኪኖች በአስፋልቱ ዳር ተደርድረው የሚያድሩት፣ ሻጩም በመኪና መንገድ ላይ ዕቃውን የሚዘረጋው ጥፋተኞች ሆነው ሳይሆን ቦታ ስላልተሰጣቸው ነው። የገበያ ቦታ መለወጥ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ባዛወሩት ጊዜ የከተማዋ ንግድ ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል። በባዕድ ትእዛዝ የሆነው በወገን ምክክር ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይሻል እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም።

ሦስተኛው፣ ከመንገዱ ጋር የሠራተኛው መጓጓዣ አብሮ እንዲታሰብ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንደኛው መሥመሩ ቃሊቲ ይደርሳል። ከቃሊቲ ወዲያ ወደ ገላንና ወደ ዱከም በተወሰነ ሰዓት የሚመላለስ በቂ አውቶቡስ ቢኖር፣ ፋብሪካው ሠራተኛውን በሰዓቱ ያገኘዋል፣ ሠራተኛውም ከደመወዙ የሚተርፈውን ለቤቱ ያውለዋል።

አራተኛው፣ ገበሬው ከሚያድገው ከተማ ድርሻ እንዲኖረው ነው። ካሣው በጥሬ ገንዘብ ተሰጥቶ የሚያልቅ ብቻ እንዳይሆን፣ በመንገዱ በር አጠገብ በሚሠራው ገበያ ለተፈናቀሉት ቤተ ሰቦች ሱቅ ወይም መጋዘን በማኅበር ቢሰጥ፣ የንግድ ምክር ቤቱም የሒሳብ አያያዝና የንግድ ሥራ ትምህርት ቢያዘጋጅላቸው፣ ትናንት ጤፍ ያቀርብ የነበረው ነገ ዱቄት አቅራቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ለአካባቢው ንግድ የታመነ ጎረቤት ማፍራት ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ በወሰን የተከፋፈሉት አስተዳደሮች በመንገዱ ጉዳይ እንዲነጋገሩ ነው። አንድ የጭነት መኪና ከመርካቶ ተነሥቶ ዱከም እስኪደርስ ከአንድ አስተዳደር ወደ ሌላው ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ፣ አዲስ አበባን የሚከብባት አንድ ትልቅ ከተማ ሆኗል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ የሚኖሩ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ጎረቤቶች ናቸው። ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ የጭነት ሰዓቱና የቆሻሻው አወጋገድ በየበኩሉ ሲወሰን ነጋዴው በሁለት ጌታ መካከል ይቆማል። የሁለቱም የንግድ ምክር ቤቶች በአንድነት ተቀምጠው የሚያቀርቡት ዐሳብ ቢኖር፣ ባለሥልጣኖቹም ለመስማት ይቀልላቸዋል።

የንግዱ ማኅበረ ሰብ እስከ ዛሬ መንገድ ይሠራልን ብሎ ሲለምን ቆይቷል፤ ልመናውም ብዙ ቦታ ተሰምቶለታል። ከእንግዲህ ግን መለመኑ ብቻ አይበቃውም። መንገዱ የሚወጣበትን፣ በሩ የሚከፈትበትን፣ በበሩ ዙሪያ የሚለየውን ቦታ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት፣ ዐሳቡንም በጽሑፍ ማቅረብ ይገባዋል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ባለው አዲስ የፍጥነት መንገድ ዙሪያ የሚኖሩ ነጋዴዎችና ገበሬዎች፣ በዱከምና በገላን የታየውን ጥቅምና ጉዳት ተመልክተው ሊዘጋጁ ይችላሉ። የቀደመው መንገድ ለተከታዩ አስተማሪ ካልሆነ የተከፈለበት ገንዘብ በከንቱ ነው።

አንድ ልጅ ተወልዶ ያለ አሳዳጊ ቢቀር በእግሩ መቆሙ አይቀርም፤ ጠባዩ ግን እንዳገኘው ይሆናል። መንገድ የሚወልደው ከተማም እንዲሁ ነው። የሚያሳስበው ማደጉ አይደለም፤ ማደጉን የሚከለክለው የለምና። የሚያሳስበው ሲያድግ ሱቁን፣ ጎጆውንና ማሳውን በአንድነት የሚያኖር ወይስ አንዱን ለሌላው የሚያስበላ መሆኑ ነው። ይህም የሚወሰነው አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ሳይሆን፣ መሐንዲሱ ችካሉን ይዞ ከእርሻው መካከል በቆመበት በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ቀን ከአጠገቡ ገበሬውም ነጋዴውም ተጠርተው ቢገኙ፣ የአውራ ጎዳናው በረከት ለሁሉም በሆነ ነበር።